ተወው የተባለው እግር

ጥቅምት 9

ለምትከበሪው፣ ለምትፈሪው፣ ስትስቂም ለማትታመኚው አክስቴ፤

ሰላምታዬ መንገድ ላይ እንዳይበርደው ካፖርት አልብሼ ልኬዋለሁ። አንቺ እንዴት ነሽ? አያቴ እማማስ? ጉልበቷ፣ ዓይኗ፣ ከሁሉ በላይ ያ ምንም የማያመልጠው ጆሮዋ? እኔ በሕይወት አለሁ። ሙዚየም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ከሞተ ቆይቷል።

ሰፈሩ «መምህር ሆነ» እያለ ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሰፈሩ እንዳይቀየም ቀስ ብለሽ አስረጂልኝ። ሙዚየሙ ሐሙስ ሐሙስ ለሕዝብ በነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ፣ ስለ ጥንት ቁፋሮ፣ ስለ ዓለም ባህሎች። አስተማሪው ዶክተሩ ነው። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ አሳያለሁ፣ በመጨረሻም ጥያቄ ላለው ሰው ማይክ ይዤ እሮጣለሁ። ስለዚህ መምህር አይደለሁም፤ ግን ያለኔ የትኛውም መምህር አይሰማም።

የሚመጣው ሕዝብ ጡረተኛ ነው። ግማሹ የሚመጣው ለእውቀቱ፣ ግማሹ ለአዳራሹ ማሞቂያ፣ ሁሉም ደግሞ ለብስኩቱ። ከፊት ረድፍ የማይጠፋ አንድ ሽማግሌ አለ፤ «ጥያቄ አለኝ» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ትምህርቱ ስለ ሸክላም ይሁን ስለ መቃብር ጥያቄው ያው ነው፦ «ይሄ ነገር ዛሬ ገበያ ቢወጣ ምን ያወጣል?»

ባለፈው ሐሙስ ርዕሱ «የማይታየው ዓለም በትሮች» ነበር። ዶክተሩ ከምድር ቤት አንድ እንጨት አስወጣ። በነጭ ጓንት፣ አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ ነው የያዘው። «ይህ» አለ፣ «የቀደሙ አባቶች መንፈስ የሚያርፍበት ምሰሶ ነው። ከታች ያለው ጥቁር ሽፋን ሌሊትን ይወክላል። መሐሉ ላይ ያለው ብረት ደግሞ በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለውን በር።»

እኔም አየሁት። ጥቁሩ ሽፋን የመኪና ጎማ ነው፣ አክስቴ። ብረቱስ እውነትም የበር ነው፤ ማጠፊያ ነው። አናቱ ጎድጓዳ ሆኖ ውስጡ አበባ ያለበት ቀይ ጨርቅ ተለጥፎበታል።

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቶቹ ይህን ቅዱስ ነገር ‹ተወው› ብለው ይጠሩታል። በታላላቅ ሥርዓቶች ላይ ግን ሙሉ ስሙ ይነሳል፦ ‹ተወው አልኩህ›።»

ማይኩ ከእጄ ወደቀ። አዳራሹ ደነገጠ፤ ዶክተሩ ግን ደስ አለው፣ መንፈሱ የመጣ መሰለው። በኋላ ጠርቶ «ያንተ ቋንቋ አይደል እንዴ? ምን ማለት ነው?» አለኝ። የሥራ ውሌ የሚታደሰው በሱ ፊርማ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ የተንጠለጠለው በውሉ ላይ ነው። «ጥልቅ ቃል ነው» አልኩት። «ሲተረጎም ይሞታል።» ይሄንንም ጻፈው።

አክስቴ፣ አያቴ አባባ ጠፋበት የሚባለው የእንጨት እግር ምን ይመስል ነበር? እማማን ሳታስደነግጪ፣ እንደ ዋዛ ጠይቂልኝ። ስልክ ያልደወልኩት እሷ እንዳትሰማ ብዬ ነው።

ናፍቆት የማይገድለው፣ ግን የሚያደክመው፣
የእህትሽ ልጅ

ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለማይክ ተሸካሚው፤

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ደህና ነው፣ ማፍሰሱን አላቋረጠም።

«እንደ ዋዛ ጠይቂልኝ» ትለኛለህ። እናቴን እንደ ዋዛ የሚጠይቃት ሰው ገና አልተወለደም። ደብዳቤህን መስኮት ሥር ቆሜ በሆዴ ሳነብ ከአልጋዋ ሆና «ምን አገኘ?» አለችኝ። «ማን?» አልኳት። «ልጁ ነዋ። ትንፋሽሽ ተቀይሯል፤ አንድ ነገር አግኝቷል» አለች። እኔ ሰላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጬ ሰው ከሰው ሳገናኝ ኖሬያለሁ፤ እንደሷ ያለ መስመር ጠላፊ ግን አላጋጠመኝም።

ምን ላድርግ፣ አነበብኩላት። ጎማው ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ማጠፊያው ጋ ስደርስ «የጓሮ በራችን ነው» አለች። «አንዱን ማጠፊያ ነቅሎ ነው የሠራው። በሩ ያዘነበለው ለዚያ ነው።» ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን በር ስረግም ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በር ሠሪ እንደነበር ታውቃለህ። ከጣሪያ ወድቆ ከጉልበቱ በታች ሲቆረጥ የእንጨት እግሩን ራሱ ጠረበ። እየለካ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየለካ፣ ከተቆረጠው ጋር እስኪዋደድ ድረስ አለፋው። ውስጡን እናቴ ከቀሚሷ ጫፍ ቆርጣ አለበሰችለት። ከዚያ በኋላ እንኳን መሬት ላይ ሊሄድ፣ የጣለው ጣሪያ ላይ ተመልሶ ወጣ።

አንድ ቀን ትኩሳት ጥሎት ተኝቶ ሳለ ባርኔጣ ያደረገ እንግዳ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። አስተርጓሚው ቋንቋችንን የሚያውቀው እኔ ዋና የማውቀውን ያህል ነው፤ ከዳር ቆሞ። እናቴ ደጃፍ ላይ ልብስ ታጥባለች፣ እጇ አረፋ በአረፋ ነው። ባርኔጣው ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን እግር ብድግ አደረገና ስሙን ጠየቀ። «ተወው!» አለችው። ጻፈ። አገላበጠው። «ተወው አልኩህ!» ብላ ጮኸች። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ አመሰገናት፤ ባርኔጣው እሱንም ጻፈ። ልብሱን ልታሰጣ ጓሮ ዘልቃ ስትመለስ እግሩም የለ፣ ሰዎቹም የሉ። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ጣሳ ብስኩት ተቀምጧል።

አየህ፣ ያ ሙዚየምህ ድሮም የሚከፍለው በብስኩት ነው።

አባቴ ሌላ እግር ጠረበ። እጁ በትኩሳቱ ደክሞ ነበርና አልተዋደደውም። አቆሰለው፣ ቁስሉም መረቀዘ። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ መቃብሩን አይተሃል።

ባለፈው ለቆርቆሮ ገንዘብ ላክ ብዬህ ነበር። እሱ ይቆይ። እናቴ የምትለው ይሄን ብቻ ነው፦ «መሄዴ ነው። ስደርስ ‹እግሬስ?› ቢለኝ ምን እለዋለሁ? አስመጡልኝ። መጀመሪያ እግሩን አጠገቡ ቅበሩት፣ ከዚያ እኔን።»

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ እግሩን ላክ። ቃሉም ጥልቅ አይደለም፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ያውቀዋል። ለዶክተርህ ንገረው።

ስትታዘዝ የምትመርቅህ፣ ሳትታዘዝም የምትመርቅህ፣ ግን አንገቷን አዙራ፣
አክስትህ

ጥር 20

ለአክስቴ፤

እንዴት ከረማችሁ? ለመቆየቴ ጥፋቱ የፖስታው ነው እንዳልል ፖስታው ይታዘበኛል።

ልነግረው ደጋግሜ ቢሮው በር ድረስ ሄጃለሁ። አንዴ ስልክ ይዟል። አንዴ እንግዳ ይዟል። አንዴ እኔን ፍርሃት ይዞኛል። ውሉ የሚታደሰው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ብንታገስስ? እንጨቱ እንደሆነ የትም አይሄድም። (ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ስለ እግር የሚባል ነገር አይደለም። ግን እንዳለ ይሁን።)

ሌላም ነገር አለ። «ጥልቅ ቃል ነው» በማለቴ ከወንበር ደርዳሪነት ወደ መድረክ ወጥቻለሁ። ሙዚየሙ «ድምፅ ከባህሉ ውስጥ» የሚል ፕሮግራም ከፍቶ እኔን ድምፅ አድርጎ ሾሞኛል። በቀደም ሐሙስ ዶክተሩ ሕዝቡ ስሙን በትክክል መጥራት እንዲችል አስተምር አለኝ። ቆሜ «ተ-ወ-ው» አልኩ። «ተወው!» አለ አዳራሹ። ያ ሁሉ ጡረተኛ፣ አክስቴ፣ ባንድ አፍ፦ «ተወው! ተወው!» ከዚያ «አልኩህ»ን ጨመርኩላቸው። አንዲት አሮጊት «ህ»ዋን ከጉሮሮዋ ገፍታ ስታወጣት እማማን መሰለችኝ። ዶክተሩ እግሩን ታቅፎ ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ሁሉም ተወው ይላል፤ የሚተው ግን የለም።

የቆርቆሮውን ገንዘብ ልኬያለሁ፣ ከጠየቅሽው ትንሽ ጨምሬ። እማማን ሳሚልኝ። እግሩን ከጠየቀችሽ «በሂደት ላይ ነው» በያት።

በሁለት ወንበር መሐል የተቀመጠው፣
የእህትሽ ልጅ

የካቲት 8

ለድምፁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ገንዘቡ ደርሷል። ይቆይ ያልኩህን ላክህ፣ ላክ ያልኩህን አቆየህ።

«በሂደት ላይ ነው» አልኳት። «እግር ሂደት ላይ ካልሆነማ ምን ላይ ሊሆን ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም አልለቀቃትም። ሐኪሙ መጥቶ ደረቷን አዳመጠ። ሲወጣ በረንዳው ላይ «እንዴት ናት?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ቆየ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ጠዋት ጠዋት «እግሩ ተነሳ?» ትለኛለች። «ተነስቷል» እላታለሁ። «የት ደረሰ?» ስትል እንጀራ የበላሁበትን ሙያ እመዛለሁ፦ «መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ።» ትጠብቃለች። በሕይወቴ እንደሷ በትዕግሥት የጠበቀ ደንበኛ አላየሁም።

ማስረጃ የሚሉ ከሆነ ይኸውልህ። ያ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ጫፉ ላይ የጎደለው ቦታም እንዳለ ነው። ዛሬ እናቴ ትራስ ደግፋ ተቀመጠችና መቀስ አምጪ አለች። ከጎደለው ቦታ ጠርዝ አንድ ቁራጭ ቆረጠች። «ያስተያዩት» አለች። «ሲጨርሱ ይመልሱልኝ። ከቀሚሴ ሁለት ጊዜ አልሰጣቸውም።» ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ቀልድ አንብበው። ውልህ እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ፤ እኔም አለቃ ነበረኝ። እሷ ግን የመጋቢትን መጨረሻ የምታይ አይመስለኝም። ንገራቸው።

አክስትህ

የካቲት 29

አክስቴ፤

ሰላምታውን ዝለይው። ተናገርኩ!

ትናንት ነው። ዶክተሩ ንግግሩን ጨርሶ «ጥያቄ አለኝ» የምለው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ማይኩን ሲጠብቅ አልሰጠሁትም። ለራሴ ያዝኩት። «ተወው ማለት አትንካው ማለት ነው» አልኩ። «ተወው አልኩህ ማለት፣ አንተ ሰው ጆሮ የለህም ወይ ማለት ነው። ይህ ምሰሶ አይደለም። የአያቴ እግር ነው። ይህን ቃል ያለችው አያቴ ነች፤ ዛሬም አልጋ ላይ ሆና እግሩን እየጠበቀች ነው።» ከዚያ ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ከጎድጓዳው ጠርዝ ጋር ገጠምኩት። የቀሚሱ አበባ ግማሹ እንጨቱ ላይ፣ ግማሹ እጄ ላይ ነበር። አንድ አበባ ሆነ።

ብስኩት የሚያኝክ ሰው እንኳ አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ አጨበጨቡ፣ ቆመው። አሮጊቷ አለቀሰች። ዶክተሩም አለቀሰ፤ እንባውን በጓንቱ ጠረገ። የሙዚየሙ ኃላፊ ከኋላ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ፤ «ይህ ቤት እንዲህ ያለ ምሽት አይቶ አያውቅም» አለች። «እግሩን መቼ ልውሰድ?» አልኳት። እቅፏ ላላ።

እስከዚህ ያለውን ከጻፍኩ ሳምንት አለፈኝ፤ መልካሙን ዜና ይዤ ልጨርሰው ብዬ ነበር። እስካሁን ያለው ይኸው ነው።

እግሩ ከምድር ቤት ወጥቶ ትልቁ አዳራሽ መሐል አዲስ መስታወት ውስጥ ገብቷል። የድሮው ጽሑፍ ተነስቶ አዲሱ እውነቱን አንድ ሳይቀር ይናገራል፤ ያለ ፈቃድ መወሰዱን፣ ባለቤቲቱ ሁለት ጊዜ መከልከሏን፣ ሁሉንም። በጣም የሚያምር ጽሑፍ ነው። መውጣት ግን አይችልም። ኃላፊዋ አስቀምጣ አስረዳችኝ፦ እግሩ ድሮ ከምሰሶዎች አንዱ ምሰሶ ነበር፤ አሁን ታሪክ ያለው ዕቃ ሆኗል፤ ታሪክ ያለው ዕቃ ደግሞ መንገድ አይችልም። እኔ ባልናገር ኖሮ ተራ እንጨት ነበርና መላክ ይቻል ነበር ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። «በጣም ጥሩ ነጥብ ነው» ብላ ለቀጣዩ ትምህርት ያዘችው። ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲወጣ ነው። «ጥያቄ አለኝ»ም የተለመደውን ጠየቀ። ዶክተሩ «ከዛሬ ወዲያ ዋጋ አይገኝለትም» አለው።

ጨርቁን ኃላፊዋ «እስቲ ልየው» ብላ ወስዳው ነበር። ዛሬ ስጠይቃት ቁጥር ተሰጥቶት ከእግሩ አጠገብ መስታወት ውስጥ ገብቷል። እማማ ይመልሱልኝ ብላ ነበር። ምን ብለሽ እንደምትነግሪያት አላውቅም።

ውሌ ቀኑ ሳይደርስ ታድሷል፤ ከጠበቅኩት በላይ። «የማን ነው?» የሚል ተከታታይ ትምህርት ተዘጋጅቷል፣ አቅራቢው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ቀረ። መስታወቱ አጠገብ ቁልፍ ሊተከል ነው፤ ጎብኚ ሲጫነው የእማማ ድምፅ «ተወው!» እንዲል። በስልክሽ ብትቀጂላትና ብትልኪው? ቆጣ ብላ እንድትለው ይፈልጋሉ።

እጁ እያፈረ የጻፈው፣
የእህትሽ ልጅ

መጋቢት 27

አክስቴ፤

ደብዳቤዬ አልደረሰሽም ይሆን? ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። አንቺ ስልክ ሳታነሺ ቀርተሽ አታውቂም።

ስለ ድምፁ ያልኩሽን እርሺው፤ ተዋናይት ቀጥረዋል። ቃሉን ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ያዘችው።

እማማ እንዴት ናት? አንድ መስመር ይበቃኛል።

ሚያዝያ 15

ለእህቴ ልጅ፤

እማማ አርፋለች። ያ የጭብጨባ ደብዳቤህ የደረሰው ከቀብር በተመለስንበት ቀን ነው፤ ፖስተኛው በለቀስተኛ መሐል ተሹለክልኮ እጄ ላይ አስቀመጠው። ሰዉ የማጽናኛ መሰለው። እኔም አነበብኩትና መልስ ለመጻፍ የሚሆን እጅ አጣሁ።

አልቆጣህም። ተናገር አልኩህ፣ ተናገርክ። ድሮ ዝም ብለው ወሰዱት፣ ዛሬ አጨብጭበው አስቀሩት፤ ይሄም ዕድገት ነው። ተዋናይቱን ግን በቁጣ አስጠንተሃት ከሆነ ተሳስተሃል። እናቴ ያን ቀን አልተቆጣችም፤ ፈርታ ነበር። ልጅ ሆኜ ደጃፉ ላይ ነበርኩ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ጊዜ ካለህ አርማት።

ልነግርህ የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። በመጨረሻዋ ጠዋት «የት ደረሰ?» አለችኝ። መስመሩ ተይዟል ማለት አቃተኝ። «ደርሷል» አልኳት። ሳሎን ገብቼ፣ ጠረጴዛውን ገልብጬ፣ አንዱን እግር ነቀልኩ። በፎጣ ጠቅልዬ ክንዷ ላይ አስተኛሁት።

ጣቶቿን በፎጣው ውስጥ ሰደደች። አናቱን ዳሰሰች፤ ጎድጓዳውን ፈለገች። ወደ ታች ወረደች፤ ጎማውን ፈለገች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፣ ግን አየሁት። ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችና «በደንብ ይዘውታል» አለች። «አንድም ቦታ አልተጫረም።» ለኔ ብላ መሆኑ ገባኝ። እንደገባኝም ገባት። «በይ ከኔ ጋር አድርጊው» አለች።

አደረግነው። ቀብር አስፈጻሚዎቹ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ «የአባቴ እግር ነው» አልኳቸው፤ ቃል ሳይጨምሩ አስገቡት። አንድ ቀን የሚቆፍሩ ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም። እናቴን ከጠረጴዛ እግር ጋር ያገኟታል። የሚሰጡት ትምህርት ካሁኑ ይሰማኛል፤ አራት እግር ያለው አምላክ ነበራቸው ይላሉ፣ ቀሪዎቹን ፍለጋም አገር ያምሳሉ። አንተ ያኔ አትኖርም፣ ማይክ የሚይዝ ሌላ ሰው ይኖራል።

ገንዘብ አትላክ። የምጠይቅህ ነገር የለኝም። ራስህን ጠብቅ፣ ሲበርድህ ልበስ።

ይህን የምጽፍልህ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የጎደለውን ጥግ በጉልበቴ ደግፌዋለሁ፤ እግሬ ደንዝዟልና እዚህ ላይ ላቁም።

አክስትህ